ከአንገት በላይ

እኛ «አዎ» ለማለት አፋችንን የማንከፍት ሕዝብ ነን። ባለሱቁን «ስኳር አለ?» ስትሉት ቅንድቡን ብድግ ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል፤ በቃ፣ አለ ማለት ነው። ጠያቂው አገሩን ያልለመደ ፈረንጅ ከሆነ ጉድ ይፈላል። ፈረንጁ መልስ ያላገኘ መስሎት ደግሞ ይጠይቃል፣ ባለሱቁም ደግሞ ቅንድቡን ያነሳል። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው «ስንቴ ልመልስልህ?» እያለ ይናደዳል። እስቲ ቡናው እስኪቆላ ስለዚህች ቅንድብ እናውጋ፤ ማለቴ፣ ቅንድቧን ስለሚያነሳት ነርቭ።

ከአንጎል በቀጥታ ተነስተው፣ በራስ ቅል ቀዳዳዎች ሾልከው ወደ ፊት፣ ወደ አፍና ወደ አንገት የሚሄዱ ነርቮች አሉን። በግራም በቀኝም ስለሚወጡ የሚቆጠሩት በጥንድ ነው፤ 12 ጥንድ ናቸው። የእጅና የእግሩ ትእዛዝ በአከርካሪ በኩል ዞሮ ሲወርድ እነዚህ አቋራጩን ይዘዋል። የሕክምና ተማሪ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በተራ ይሸመድዳቸዋል፤ ፈተና አለበትና ይሸምድድ። እኛ ፈተና ስለሌለብን ከሰባተኛው እንጀምራለን።

ሰባተኛው የፊት ነርቭ ነው፤ ሐኪሞች ፌሻል ነርቭ ይሉታል። ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፍና ከጆሮ ሥር ብቅ ይላል። ከዚያ ወደ ግንባር፣ ወደ ጉንጭ አጥንት፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ አገጭና ወደ አንገት አምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎችን ይሰድዳል። ፈገግታ የእሱ ነው፤ ኩርፊያም የእሱ ነው። ጥቅሻ የእሱ ነው። የሰው መከራ ስንሰማ የምንመጣት ከንፈርም ያለ እሱ አትመጠጥም። በዚህ አገር እንግዲህ ግማሹ ወሬ የሚካሄደው በሰባተኛው ነርቭ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ሰው ከእንቅልፉ ይነሳና ሻዩን ሲጠጣ በአንዱ የአፉ ጥግ ይፈስበታል። መስታወት ቢያይ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ አንድ ዓይኑም አልከደን ብሎታል። ጎረቤት ይሰበሰባል። «ምች ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ ብርድ መትቶት ነው፤ መስኮት ከፍቶ ተኝቶ ይሆናል» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለክፎት ነው» ይላል። ዳማከሴ ይጨመቃል። በዚህ ሁሉ ምክክር መሃል ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። የኔ ጭንቀት እነዚህ ቀኖች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሕመም በሐኪም ቤት ቤልስ ፓልሲ ይባላል። ስሙ የመጣው ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከቻርለስ ቤል ነው። ቤል ሥዕልም ይችል ነበር፤ ሠዓሊዎች የሰውን ፊት በደስታና በቁጣ ጊዜ እንዴት እንዲያዩት የሚያስረዳ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1806 አሳትሟል (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዋተርሉ ጦርነት ቁስለኞችንም አክሟል። የፊት ነርቭን ሥራ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው በ1821 ነው። የፋርሱ ሐኪም አል-ራዚ ግን የፊት መጣመምን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞት ጽፎ ነበር። ስሙ ለቤል ወጣ፤ ራዚ ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም።

የሚሆነው ምንድን ነው? ነርቩ ያብጣል። የሚያልፍበት ቦይ ደግሞ አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ያበጠው ነርቭ እዚያው ታንቆ ትእዛዝ ማስተላለፉን ያቆማል። የፊቱ ጡንቻ ብቻ አይደለም የሚቸገረው። ከምላሳችን የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ክፍል ጣዕም የሚሄደው በዚሁ ነርቭ ስለሆነ ወጡ ጣዕሙ ይለወጥበታል። በጆሮ ውስጥ ያለች፣ ከሰውነታችን የአጥንት ጡንቻዎች ሁሉ የመጨረሻዋ ትንሽ ጡንቻም በእሱ ነው የምትታዘዘው፤ ሥራዋ ኃይለኛ ድምፅን ማብረድ ነው። እሷ ስትፈታ የማንኪያ ኳኳታ ሳይቀር ጆሮ ይበሳል። እንግዲህ ሰውየው «ፊቴ ተጣመመ፣ ምግቡ አልጥም አለኝ፣ ልጆቹም ጮኹብኝ» ቢል ሦስት በሽታ አልያዘውም፤ አንዱ ነው።

እንዲያብጥ ያደረገውስ? አሁን «ምች ነው» ያሉትን ጎረቤት ከሐኪሙ ጋር ላስታርቅ። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል ምች እንለው የለ? የዚያ ቁስል መንስኤ ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓን ሐኪሞች ቤልስ ፓልሲ ይዟቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 14 ሰዎች ነርቭ ዙሪያ ፈሳሽ ወስደው ሲመረምሩ በ11ዱ ውስጥ የዚህኑ ቫይረስ ዘረ መል አገኙ። ነገሩ እስከ ዛሬ ተዘግቶ ያላለቀ ቢሆንም ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። እናም «ምች» ያሉት ጎረቤት ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አልራቁም። የራቁት በመድኃኒቱ ነው።

እዚህ ላይ ቀኖቹ ይመጣሉ። በ2007 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት 551 ሕሙማንን ይዞ ነበር፤ ሁሉም ሕመሙ በጀመራቸው በ72 ሰዓት ውስጥ የደረሱ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን እብጠት አብራጅ ለአሥር ቀን ከወሰዱት ውስጥ በዘጠነኛው ወር ከመቶ 94ቱ ፊታቸው ተመልሷል። ካልወሰዱት ውስጥ የተመለሰላቸው ከመቶ 82 ያህሉ ናቸው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ምንም ሳይወስዱ የዳኑት ብዙ ናቸው፤ ዳማከሴውም ሌላውም ነገር «አዳነ» የሚል ስም ያተረፈው በእነዚህ በራሳቸው በዳኑት ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ክኒን ግን በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ የጎረቤት ምክክር የሚበላውም ልክ እነዚህን ሦስት ቀኖች ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህ ክኒን ስኳሩን ከፍ ስለሚያደርግበት ከሐኪም ሳይመክር አይጀምር።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ ስትሮክ ቢሆንስ? እዚህ ቅንድቧ ምስክር ሆና ትቀርባለች። ሐኪሙ «ቅንድብዎን ያንሱ» ይላል። የግንባራችን ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከቀኙም ከግራውም አንጎል ነው። ስትሮክ አንዱን ወገን ሲመታው ሌላው ያግዘዋል፤ አፍ ቢጣመምም ግንባር ይሸበሸባል። ቤልስ ፓልሲ ግን የመጨረሻውን መስመር ነው የዘጋው፤ አጋዥ ቢመጣም መተላለፊያ የለም፤ ስለዚህ ግንባሩም ከፊቱ ጋር ለጥ ይላል። ይህን ያወጋኋችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ እንድትፈርዱበት አይደለም። ፊት በድንገት ሲጣመም፣ በተለይ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው።

ያልተከደነውንም ዓይን አትርሱት። ቀን በጠብታ ይርጠብ፣ ማታ በለስላሳ ፕላስተር ይታሸግ። የማይከደን ዓይን ምን እንደሚደርስበት ከሥጋ ደዌ ሐኪሞች በላይ የሚያውቅ የለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ይህንኑ ነርቭ ይወድዳል፤ ዓይን የሚከድነውን ቅርንጫፍ ያበላሸዋል። አምስተኛውንም ነርቭ ከነካ ዓይኑ አቧራ ሲገባበት አይሰማውም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ተነሳሽነቱ ይኸው በሽታ ነበር። ቀዶ ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነቱ ዓይን የዘየዱት ዘዴ ይገርመኛል፤ ከማኘኪያ ጡንቻ ላይ ቀጭን ቁራጭ ወስደው ወደ ዓይን ሽፋን ይዘረጉታል። የማኘኪያው ጡንቻ የሚታዘዘው በአምስተኛው ነርቭ በሌላኛው ቅርንጫፍ ስለሆነ አልተጎዳም። ከዚያ በኋላ ሰውየው ጥርሱን ነከስ ባደረገ ቁጥር ዓይኑ ይከደናል!

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ትላላችሁ አይደል፣ መከራ ሲደራረብ? ተራቹ ሐኪም ይሁን አይሁን እንጃ፤ ለሁለት ችግር ሁለት ትክክለኛ ቦታ መርጧል። ጆሮ ደግፍ የሚያሳብጠው ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ ነው፤ ሰባተኛው ነርቭ ቅርንጫፎቹን የሚያወጣው በዚያው ዕጢ መሃል እያለፈ ነው። ከዚያ ዕጢ ላይ እባጭ የሚያወጣ ሐኪም ጊዜውን የሚፈጀው እነዚያን ክሮች ሲፈልግና ሲያድን ነው። እንቅርት ደግሞ ከአሥረኛው ነርቭ ጎን ይቀመጣል፤ ጨዋታውም ወደዚያ ይወስደናል።

አሥረኛው ቬገስ ነው። ከአንገት በላይ ተወልዶ ከአንገት በላይ መቅረትን እምቢ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጨጓራ፣ እስከ አንጀት ይወርዳል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ የድምፅ ነርቭ ነው። መንገዱ ግን ለሰሚም ግራ ነው፤ የግራው ቅርንጫፍ ማንቁርትን አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቧንቧ በታች በኩል ዞሮ እንደገና ወደ ማንቁርት ይወጣል። ፅንስ ሳለን ልባችን ከአንገት አጠገብ ነው የሚሠራው፤ ወደ ደረት ሲወርድ ነርቩን ይዞት ወረደ። በሰው ነገሩ የስንዝር ጉዳይ ነው፤ በቀጭኔ ግን ይኸው ዙሪያ ጥምጥም ከአራት ሜትር ያልፋል። አናጢ ቢሠራው ኖሮ ደመወዙን እንከለክለው ነበር።

ይህን ነርቭ ለሰው ያሳወቀው በሁለተኛው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ የነበረው ግሪካዊ ሐኪም ጋለን ነው። እየጮኸ የሚታገል አሳማ በሕዝብ ፊት አስሮ አንገቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ያዘ። አሳማው መታገሉን አልተወም፤ ድምፁ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ድምፅ ከልብ ይወጣል የሚሉ ፈላስፎች ነበሩና ለእነሱ ቀኑ መልካም አልነበረም። ጭካኔውን አልወደውም፤ ግን ዛሬ እንቅርት የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ሁሉ የሚጠነቀቀው ለዚያ ክር ነው። እንቅርት በመጠኑ ሲያድግ ክሩን ከቦታው ይገፋዋል፤ ቢላው ክሩን ከነካ ድምፅ ይሻክራል፤ ሁለቱም ወገን ከተነካ መተንፈስም ያቅታል።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የበርኑ ቴዎዶር ኮኸር ነው። ስዊዘርላንድም እንደኛው ተራራማ፣ አፈሯ አዮዲን የጎደለው፣ እንቅርት የበዛባት አገር ነበረች። ኮኸር በሕይወት ዘመኑ ከአምስት ሺህ በላይ እንቅርት አውጥቷል፤ በ1909ም የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በሽታውን ያጠፋው ግን ቢላው አይደለም፤ አገሪቱ ከ1922 ጀምሮ ለሕዝቧ ያቀረበችው አዮዲን የገባበት ጨው ነው። በእኛም አገር የምግብ ጨው አዮዲን እንዲገባበት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ወጥቷል። ገበያ ላይ በእፍኝ የሚሸጠውን ያልታሸገ ጨው ርካሽ ነው ብላችሁ ስትገዙ ይህን አስቡ።

ቬገስን ገና አልጨረስኩም፤ ከአሥራ ሁለቱ ለእሱ ማድላቴን አልደብቅም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ የምትሏቸውን ድምፆች ፈረንጅ ለምን እንደሚቸገርባቸው ታውቃላችሁ? ድምፁ ሲወጣ የድምፅ አውታሮቹ በማንቁርት ውስጥ ገጥመው መዘጋት አለባቸው፤ ከላያቸው የታፈነችው አየር ናት ፈንድታ የምትወጣው። የሚዘጋቸው ቬገስ ነው። ደግሞም ጆሮውን በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር ድንገት ሳል የሚይዘው ሰው አይታችሁ ይሆናል። የቬገስ ትንሽ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ስለምትሄድ ነው፤ አንጎል ከጉሮሮ የመጣ መልእክት መስሎት ያስለዋል። (ጆሮ በክብሪት አይጎረጎርም፤ ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።) መርፌ ሲያይ ላብ በላብ ሆኖ የሚወድቀው ጎረምሳም የዚሁ ነርቭ ሰለባ ነው፤ ቬገስ የልቡን ምት ያቀዘቅዝበታል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ ከብባችሁ አትቁሙ።

ቬገስ ልብን በምን እንደሚያቀዘቅዝ የተደረሰበት በሕልም ነው። በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ኦቶ ለዊ የተባለ ሳይንቲስት አንድ ሌሊት ሙከራውን በሕልሙ አየው፤ ነቅቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተኛ። ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው! በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰለት፤ ያን ጊዜ ግን በእርሳስ አልተማመነም፤ ተነስቶ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። የአንዲት እንቁራሪት ልብ ቬገሱ ሲነካ ቀዘቀዘ። ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ በሌለው ሌላ ልብ ላይ አፈሰሰው፤ እሱም ቀዘቀዘ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያደርስ በዚህ ታወቀ። ለዊ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ፤ አይሁዳዊ ነበርና በ1938 ናዚዎች አስረውት የሽልማቱን ገንዘብ ካላስረከበ ከአገር እንዳይወጣ አደረጉት።

አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ አጨቃጭቋል። ጋለን ሰባት ጥንድ ብሎ ነበር፤ ሰውም ከሺህ ዓመት በላይ ሰባት እያለ ኖረ። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1664 ባሳተመው የአንጎል መጽሐፍ ቆጠራውን ከለሰው፤ ሥዕሎቹን ከሳሉለት አንዱ በኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬን ነው። በመጨረሻ በ1778 ሳሙኤል ዞመሪንግ የተባለ የ23 ዓመት ጀርመናዊ ለመመረቂያ ጽሑፉ አሥራ ሁለት ብሎ ደረደራቸው። ሁሉም እሺ አለው። ከዚያ በኋላ ከሁሉም ፊት የሚወጣ አንድ ቀጭን ነርቭ በሰው ላይ ተገኘ። ቁጥሩ እንዳይፈርስ ምን አሉት? ዜሮ! አሁንም ዜሮኛው ነርቭ ተብሎ ይጠራል።

ቡናው ተቆልቶ መጣ፤ ጭሱን ወደ አፍንጫችሁ ሳቡ። አንደኛው ነርቭ ይኸው ነው። ክሮቹ ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ እንደ ወንፊት በተበሳሳ አጥንት ውስጥ እየሾለኩ አንጎል ይደርሳሉ። ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሽታ የሚጠፋበት እነዚያ ክሮች እዚያው ስለሚበጠሱ ነው። በኮሮና ጊዜ ቡና ተቆልቶ ምንም የማይሸታቸው ሰዎች ምን ያህል እንደተደናገጡ ታስታውሳላችሁ። ወደ አራት መቶ የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉን፤ የዚህን ምስጢር የፈቱት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ2004 ኖቤል ተሸልመዋል።

ስለ ዓይን ባጭሩ። ሁለተኛው ነርቭ ያያል፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ዓይንን ያንቀሳቅሳሉ። ሽፋኑን የሚያነሳው ሦስተኛው፣ የሚከድነው ደግሞ ሰባተኛው ነው። አራተኛው ከሁሉም ቀጭን ነው፤ ሲታመም ደረጃ መውረድ ያስቸግራል፣ ደረጃው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። እንግዳ ፊት ሁለተኛ ብስኩት ስታነሱ እናታችሁ ጭንቅላቷን ሳታዞር የላከችላችሁ ግልምጫስ? አንደኛውን ዓይኗን ወደ ውጭ የሳበው ስድስተኛው፣ ሌላውን ወደ አፍንጫዋ የሳበው ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መስማማታቸው ነው ብስኩቱን ያስጣላችሁ። ከልብ የምነግራችሁ ግን ስለ ሁለተኛው ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ይህን ነርቭ በአንድ ሌሊት ሊገድለው ይችላል። የቲቢ ክኒን ከሚውጡ ሰዎችም ጥቂቱን ኢታምቡቶል የተባለው መድኃኒት ዓይን ላይ ሊያስቸግር ይችላል፤ ቀይና አረንጓዴ ቀለም መደብዘዝ ሲጀምር ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም ሳይሆን ለሐኪሙ ቶሎ መንገር ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ወፍራም ነው፤ ከፊታችን የሚመጣውን ስሜት ሁሉ ይሸከማል። የበርበሬና የሚጥሚጣ ማቃጠል ጣዕም አይደለም፤ በዚህ ነርቭ የሚሄድ የሕመም መልእክት ነው። ተቀባዩን በ1997 ያገኘው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፤ ትኩስ ነገር ሲነካን የሚነቃውም ያው ተቀባይ ነው። ሰውየው በ2021 ኖቤል ተሸለመ። ሽንኩርት ስትከትፉም ማቃጠሉን የሚሰማው አምስተኛው፣ እንባውን የሚልከው ሰባተኛው ነው። የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ሰው ክብሪት ጭረው የሚያሸትቱ ሰዎች ይህንኑ አምስተኛ ነርቭ ነው የሚያቃጥሉት፤ ለሕመሙ አይጠቅመውም፣ አፍንጫውን ግን ይጎዳዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ያልፋል፤ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። ይህ ነርቭ ራሱ ሲታመም ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ሆኖ ፊትን እንደ ኤሌክትሪክ ይመታል፤ ጤነኛ ጥርሳቸውን አስነቅለው ያልተሻላቸው ብዙ ናቸው።

ስምንተኛው መስማትና ሚዛን ነው። ድሮ ለቲቢ በብዛት ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ብዙ ሰው ሳንባው ድኖ ጆሮው እንዲደነቁር አድርጓል።

አሥራ አንደኛው አንገትን ያዞራል፣ ትከሻን ያነሳል። እስክስታ ያለ እሱ? አይታሰብም፤ ምንም እንኳ ከአከርካሪ የሚወጡ ሌሎች ነርቮችም ቢያግዙት። ይህ ነርቭ በአንገት ጎን ከቆዳ ሥር ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። በእኛ አገር ደግሞ የአንገት ዕጢ ቲቢ ብርቅ አይደለም። ዕጢው ለምርመራ ሲወጣ ነርቩ ሳይታወቅ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከዚያ ትከሻው ይወርዳል፣ እጅን ከራስ በላይ ማንሳት ይከብዳል። «ዕጢው የት ጋ ነው? ነርቩስ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለውም።

አሥራ ሁለተኛው ምላስን ያንቀሳቅሳል። ሠርግ ላይ እልልታውን የሚያቀልጡት እናት ድምፁን ከአሥረኛው፣ ንዝረቱን ከአሥራ ሁለተኛው ይዘው ነው። ዘጠነኛው ከምላስ ጀርባ ጣዕም ያመጣል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ስለዚህ ነርቭ ማብራሪያ አያሻውም። ምሬት የሚታወቀው በምላስ ጀርባ ብቻ ነው የሚለው የድሮ የትምህርት ቤት ሥዕል ስሕተት ነው፤ ምላስ በየትኛውም ክፍሉ ሁሉንም ጣዕም ይለያል። የጉሮሯችንን መነካት ለአንጎል አድርሶ ቋቅ የሚያሰኘንም ዘጠነኛው ነው፤ ጉሮሮውን የሚያንቀሳቅሰው አሥረኛው።

ሐኪም «አ» በሉ ሲላችሁ ታዲያ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን እየፈተነ ነው። ላንቃችሁ እኩል ከተነሳና እንጥላችሁ መሃል ከሆነ ነርቮቹ ደኅና ናቸው። እንጥል ወደ አንድ ጎን ከተሳበ የሌላው ወገን ቬገስ ደክሟል ማለት ነው። እንጥሉ በሕፃንነቱ የተቆረጠ ሰው ሲመጣ ግን ሐኪሙ ያን ምልክት ያጣዋል፤ ላንቃውን ብቻ እያየ መገመት ነው።

ልጅ ሲያስለው ወይም ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚሉ አሁንም አሉ፤ የሚቆርጡም አሉ። ከእንጥል ቁስል ደም ይፈስሳል፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ይቆረጣል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል፤ የሞቱም አሉ። ሳሉን ያመጣው ግን እንጥል አይደለም፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ እሱም መድኃኒት አለው። እናቶች፣ አያቶች፣ እባካችሁ፤ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ እንጥሉን ተዉለት።